ወደ ጀርባ የሚላክ ትንፋሽ

ቴአትር ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከበር ጠባቂው እስከ አዘጋጁ ድረስ ሁሉም «ሟቿ» ነበር የሚሏት። ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራዋ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ የምትሞት ሴት ካለች ሚናው የእሷ ነው። በወሊድ የምትሞት፣ በመርዝ የምትሞት፣ በባሏ ጥይት የምትሞት፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ቀስ እያለች የምትከስም። «ሟቿ መጣች፣ ወንበር ልቀቁላት!» ሲሏት «ተዉኝ፣ ገና መጨረሻ ላይ ነው የምሞተው» ትልና ትስቃለች።

መድረክ ላይ መሞት ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው። መውደቁ አይደለም ከባዱ። መውደቅን ማንም ሰው ጉልበቱን፣ ዳሌውን፣ ትከሻውን በተራ ማሳረፍ ከለመደ ሳይጎዳ ይማረዋል። ከባዱ ከወደቁ በኋላ ያለው ነው። ሟቿ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ሌሎቹ በላይዋ ያለቅሳሉ፣ ይወቃቀሳሉ፣ ይታረቃሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሞተችው ሴት መተንፈስ አለባት። ፊት ለፊት የተቀመጠው ተመልካች ደግሞ ዓይኑን ደረቷ ላይ ተክሎ፣ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ያው ተነፈሰች!» ለማለት ነው የሚጠብቀው። ታዲያ ምን ይደረጋል?

መልሱን ያስተማራት ነጎድጓድ ነው። ነጎድጓድ የቴአትር ቤቱ አንጋፋ ተዋናይ ሲሆን ቅጽል ስሙን ያገኘው ያለ ድምፅ ማጉያ የመጨረሻውን ረድፍ ከእንቅልፉ በሚቀሰቅስ ድምፁ ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ በጎኗ አስተኛትና መዳፉን ጀርባዋ ላይ፣ ከትከሻዋ አጥንት ዝቅ አድርጎ አሳረፈ።

«ሳንባ ደረት ውስጥ ብቻ ነው ያለው ያለሽ ማነው? ጀርባሽም ሳንባ ነው። ትንፋሽሽን ወደዚህ ላኪው። እጄን ግፊው።»

ሞከረች፤ ደረቷ ከፍ አለ።

«እሱን አይደለም ያልኩሽ! እሱን ተመልካች ያየዋል። ይሄንን፣ እጄን!»

ከብዙ ሙከራ በኋላ መዳፉ ንቅንቅ ሲል «በቃ፣ አሁን በሰላም መሞት ትችያለሽ» አላት። ነገሩ በእርግጥም የሚያስደንቅ ነው። የጎድን አጥንት ከፊት ተነስቶ እስከ አከርካሪ ይዞራል፤ ሳንባም ከኋላ በኩል ሰፊ ነው። በጎን ተኝቶ ፊትን ወደ ተመልካች፣ ጀርባን ወደ መጋረጃ ያዞረ ሰው፣ ትንፋሹን ወደ ኋላ መላክ ከቻለ ደረቱ ድንጋይ ይሆናል። መጋረጃው ብቻ ነው የሚያየው።

ሁለተኛ ነገርም ነበረ። አባቷን ወይም ባሏን ሆኖ የሚተውነው ነጎድጓድ ነበርና በመጨረሻ ነጩን ጨርቅ የሚያለብሳትም እሱ ነው። ከእግሯ ጀምሮ በዝግታ ይስበዋል፤ አገጯ ጋ ሲደርስ ቆም ይላል። ተመልካቹ ያ ዝግታ ሐዘን ይመስለው ነበር። እውነቱ ግን ጨርቁ ፊቷን ከአዳራሹ ሲጋርድላት አንድ ሙሉ ትንፋሽ እንድትስብ ነው። አንድም ቀን አጣድፏት አያውቅም።

ከመድረክ ያስወጣት የእናቷ ሞት ነው። እናቷ በጉበት ሕመም ሆስፒታል ተኝታ ከረመች፤ እሷም ከአልጋው አጠገብ አልጠፋችም። እናቷ ያረፈች ዕለት ዘመድ አዝማድ ክፍሉን ሞልቶት ነበር። ጩኸቷን ለቀቀችው። ሆዷ ውስጥ የቀረ ነገር እስከማይኖር ጮኸች። ትንፋሽ ለመሳብ ዝም ስትል አክስቷ ለአጠገቧ ሴት በሹክሹክታ «ስታውቅበት!» ስትል ሰማች።

አክስቷ በተንኮል አላለችውም። በአድናቆት ነው ያለችው፤ የባሰውም እሱ ነበር። ሟቿ ቀና ስትል ሁሉም እሷን ነበር የሚያዩት። ሬሳውን የሚያይ አልነበረም። ከአንዲት ወፍራም አጭር ነርስ በቀር። ነርሷ ጥጥ በውኃ ነክራ የእናቷን የደረቀ ከንፈር ጠረገች። ዓይኖቿን ከደነች። ከክንዷ ላይ መርፌውን ነቀለችና ቦታውን በጥጥ ይዛ ቆየች፤ ልክ እናቷን አሁንም የሚያማት ይመስል። ማንም አላያትም፤ እሷም እንዲያዩአት አልፈለገችም።

ለቅሶው ሲያልቅ ሟቿ ነርስነት ልትማር መሆኗን ተናገረች። ሾፌሩ ወንድሟ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«አንቺ? ደም ስታዪ ትወድቂያለሽ!»

«ድሮስ ሥራዬ መውደቅ አይደል?»

ነጎድጓድ ግን አልሳቀም። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ቀለሙን ከፊቱ እየጠረገ በመስታወቱ ውስጥ አያት።

«ቴአትር ቤት አውቶቡስ ነው እንዴ፣ ያሰኘሽ ቦታ ዱብ የምትይው? እሺ፣ ሂጂ። ግን እዚያ ማንም አያጨበጭብልሽም።»

«ለእሱ ብዬ እኮ ነው የምሄደው ጋሼ።»

ፊቱን ወደ መስታወቱ አቀረበና የቀረውን ቀለም መጥረጉን ቀጠለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። መንገድ ላይ ሁለት ሦስቴ አይታው ነበር፤ እሱ ግን ሱቅ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ፊቱን አዞረ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ አብረዋት የሚማሩት ልጆች በዕድሜ ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። ጽሑፍ በቃል መያዝ ስለለመደች የመድኃኒቱን ስምና መጠን ከሁሉም በፊት ታውቀው ነበር። ሆስፒታል ለሥራ ከገባች በኋላ ግን ያ የመድረክ ልማድ እንደረዳት ሁሉ እንቅፋትም ሆነባት። የክፍሉ ኃላፊ፣ ጠና ያለች ቀጭን ሴት፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጠርታ ገሰጸቻት። ሟቿ አንድ የሚያቃስት በሽተኛ አጠገብ ቆማ ፊቷን በሐዘኔታ አጨማዳ ነበር።

«ፊትሽን ተይው» አለቻት ኃላፊዋ። «ሰውየው ፊትሽን አይደለም የሚፈልገው። ትራሱን ነው። ተንሸራትቶበታል።»

ያችው ኃላፊ ናት ትንፋሽ መቁጠርንም ያስተማረቻት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ደረት ከፍ ሲል አንድ፣ እንደገና ከፍ ሲል ሁለት። ግን ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል። ልብን ማንም አያዘውም፣ ትኩሳትን ማንም አይደብቀውም፤ ትንፋሽ ግን ከሁሉም ተለይቶ ግማሹ በራሱ የሚሄድ፣ ግማሹ በባለቤቱ የሚታዘዝ ነው። ደግሞ የታማሚ ነገር ሊበላሽ ሲል ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። ስለዚህ ነርሶች ዘዴ አላቸው። የታማሚውን አንጓ ይይዛሉ፣ የልብ ምት የሚቆጥሩ ይመስላሉ፣ ዓይናቸው ግን ሳይታወቅ ደረቱ ላይ ነው።

«ይሄማ ቴአትር ነው!» አለች ሟቿ ደስ ብሏት።

«ይሁን» አለች ኃላፊዋ። «ግን ተዋናይዋ አንቺ ብቻ መሆንሽን እርግጠኛ ሁኚ።»

ሟቿ ሥራውን ወደደችው፤ ጎበዝም ሆነች። ዓመታት አለፉ። ቅጽል ስሟን ግን ለማንም አልተናገረችም። ሆስፒታል ውስጥ እንዴት ተብሎ!

አንድ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ወደ ክፍሉ ገባ። የሚገፋው አስተማሪ የሆነች ልጁ ናት፤ ከክፍል በቀጥታ መምጣቷ እጅጌዋ ላይ ካለው የጠመኔ ብናኝ ያስታውቃል። ነጎድጓድ ከስቷል። ሳንባ ምች ነው፤ ለዘመናት ያጨሰው ሲጋራ ተጨምሮበት። ሟቿን ሲያይ ግን ያ ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ፦

«ሟቿ!»

አጠገቡ ካለው አልጋ አንድ ሽማግሌ ብንን ብለው «ማነው የሞተው?» አሉ።

«ማንም አልሞተም አባባ፣ ይተኙ» አለቻቸውና ወደ ነጎድጓድ ዞረች። «ጋሼ፣ እባክዎ እዚህ እንደሱ አይጥሩኝ። ሰው ያስደነግጣል።»

«እና ምን ልበልሽ?»

«ሲስተር።»

«ሲስተር» አለ ቃሉን እየቀመሰ። «አይመጥንሽም። እሺ፣ ይሁን።»

ያኮረፈ ሰው ሳይሆን፣ እሱም ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይመስል ነበር። ሲመሽ ልጁ ወደ ቤቷ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፣ መሳቅም ጀመረ፤ ለአጠገቡ ሽማግሌ የንጉሥ ንግግር ያሰማቸው ነበር። ከሆስፒታል ለመውጣት ምን እንዳጣደፈው የነገራትም ያኔ ነው። የቴአትር ቤቱ አዳራሽ ለእድሳት ሊዘጋ ነው። የመጨረሻው ትርኢት ቅዳሜ ነው፣ የአባትየው ሚና የእሱ ነው።

«እድሳቱ ሲያልቅ ይሠራሉ እኮ ጋሼ።»

«እድሳት? እነሱ ሲያድሱ... እኔ የምኖር መሰለሽ? ቅዳሜ ነው። ሌላ የለም።»

ሐኪሙ ተራ ሲጎበኝ ፋይሉን አገላበጠ። ወጣትና ትሁት ሰው ነው፤ የሚያያቸው በሽተኞችም ከአቅሙ በላይ ናቸው። «ትኩሳቱ ጥሩ ነው። ትንፋሹ ዛሬም ነገም ደህና ከሆነ ወደ ቤቱ ይሄዳል» አለ። ከዚያ ወደ ሟቿ ዘወር ብሎ «ሲስተር፣ ትንፋሹን አንቺ ያዥልኝ» አላት። ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ለክፍሉ አንዲት ብቻ ናት፤ ያን ዕለት ድንገተኛ ክፍል ወስደዋታል። የቀረው ዓይን ነው።

ነጎድጓድ ወደ እሷ ዞሮ በጎኑ ተኛ፤ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጠ። አንጓውን ያዘች። ደረቱን አየች። ደረቱ እንደ ተኛ ሕፃን ደረት ነበር፤ ዝግ ያለ፣ እኩል፣ የሚያምር። ቆጠራዋን ስትጨርስ ዓይኑን ገልጦ አያት።

«እጅሽ ሞቃት ነው» አለ። ቆም አለ። «ጥሩ ነርስ... ወጥቶሻል።» እንደገና ቆም አለ፤ በረጅሙ። «ያን ጊዜ... ተሳስቼ ነበር።»

እንባዋ መጣ። ያቺን ቃል ስንት ዓመት ነበር የጠበቀችው! ነጎድጓድ በአገሩ የታወቀው በድምፁ ብቻ አልነበረም፤ በዝምታውም ነበር። በሁለት ቃላት መካከል ቆም ብሎ ሙሉ አዳራሽ ትንፋሹን እንዲይዝ ማድረግ ይችልበታል። ለሟቿም ያ የኖረ ዝምታው መሰላት። ሌላ ማንኛዋም ነርስ ብትሆን፣ ቴአትር ቤት ደጃፍ ደርሳ የማታውቅ እንኳ፣ ገና ሲናገር ትነቃ ነበር፦ ይህ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አልቻለም። በነርስነት ትምህርት ከሚነገሩት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው። እሷ ግን ምልክቱን በጥበብ ተረጎመችው። ትንፋሹ ደህና ነው ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ጠዋት የታጠበ አንሶላ ታቅፋ በኮሪደሩ ስታልፍ ቆመች። ከኮሪደሩ ወደ ክፍሉ የሚያሳይ የመስታወት መስኮት አለ፤ አልጋዎቹን ከኋላ የሚያሳይ ነው። ነጎድጓድ በጎኑ ተኝቷል፣ ፊቱን ወደ ክፍሉ አድርጎ። የሆስፒታሉ ሽርጥ መሳይ ልብስ ከኋላ በክር ነው የሚታሰረው። የክሩ ጫፎች ይዘሉ ነበር። ሲያርፉ፣ ሲዘሉ፣ ሲያርፉ፣ ሲዘሉ፤ ለመቁጠር እስኪያስቸግር።

አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ወደ ጀርባ ነው የሚልከው። እኔን ያስተማረኝን። መጋረጃው ብቻ በሚያየው በኩል።

ገብታ ከኋላው ቀረበችና፣ እሱ ያኔ እንዳደረገው፣ መዳፏን ከትከሻው አጥንት ዝቅ አድርጋ አሳረፈች። ጎድኑ ከእጇ ሥር እንደ ስፌት መኪና ይመታ ነበር። አልዞረም።

«ደረስሽብኝ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ከትናንት... ወዲያ።»

«ሐኪሙን ልጥራ።»

እጇን ያዘ። ጥፍሮቹ ሰማያዊ ሆነዋል፤ ትናንት አላየቻቸውም፣ ወይም አይታ አልፋቸዋለች።

«እንዳላየሽ ሁኚ። እስከ ቅዳሜ... ብቻ። ከዚያ ያሻሽን አድርጊ።»

«መድረክ ላይ ይሞታሉ እኮ!»

«አንቺ ስንቴ ሞትሽ?» አለ፤ ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው። ሳሉ ሲለቀው ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ጨርቁን... በዝግታ ስስብልሽ ኖሬያለሁ። ሁሌም። አንድ ቀን... አጣድፌሽ አውቃለሁ?»

አያውቅም። እዚያ ቆማ አንድ አፍታ በእውነት አሰበችው፤ እንዴት ብሎ እንደሚገባ፣ አዳራሹ እንዴት እንደሚነሳለት፣ የመጨረሻው ጭብጨባ ምን ያህል እንደሚረዝም። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከእጇ ላይ አላቀቀችና ሐኪሙን ጠራች።

«ከዳሽኝ» አላት ከኋላዋ። «ይሄ... ሁለተኛሽ ነው።»

ኦክስጅን ተደረገለት፤ የደረት ራጅ ተነሳ። ሁለቱም ሳንባ ተይዟል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አልነበረም፤ ተጠየቀ፣ ተለመነ፣ አልተገኘም። ሟቿ ሐኪሙንና ኃላፊዋን ኮሪደር ላይ አቁማ የትናንቱ ቆጠራ የተሳሳተ መሆኑን፣ እንዴት እንደተታለለች፣ ምን ማየት ሲገባት እንዳላየች ነገረቻቸው።

«ትናንት ቢታወቅ ይለወጥ ነበር?» አለች።

ሐኪሙ ጫማውን አየ። «ምናልባት» አለ። ቀና ብሎም «ምናልባትም አይለወጥም ነበር» አለ። ሁለተኛውን ለደግነት እንደጨመረው ያስታውቅበት ነበር።

ኃላፊዋ አልተቆጣችም። «ለልጁ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት» ብቻ አለቻት።

ልጁ ከሥራ እየሮጠች ስትመጣ የአባቷን ልብሶች የያዘ ከረጢት በእጇ ነበር፤ ወደ ቤት ልትወስደው ነው የመጣችው።

«ትናንት ደህና ነው አላላችሁም እንዴ?»

«ደህና አልነበረም። የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ተደብቆብኝ ነው።»

«ተደብቆብኝ?» ልጁ ከረጢቱን ወደ ደረቷ ሳበችው። «እኔን ቢደብቀኝ እሺ። ሂሳብ ነው የማስተምረው፣ ምን አውቃለሁ? አንቺ እኮ አብረሽው ስትሞቺ የኖርሽ ነሽ! አንቺን እንዴት?»

ይቅርታ ማለት ፈለገች፤ ግን ቃሉን እንዴት ብላ እንደምትለው፣ ድምፁን የት ዝቅ እንደምታደርግ ስታስብ ራሷን አገኘችውና ተወችው። ልጁም አልፋት ገባች።

ከዚያ በኋላ ነጎድጓድ ብዙ አልተናገረም። ጭምብሉ አፉን ሸፍኖታል፤ አሁን ትንፋሹን ለመደበቅ አልሞከረም፣ ወይም አልቻለም። ደረቱ፣ አንገቱ፣ ሆዱ፣ ሁሉም ለመተንፈስ ይታገሉ ነበር። ሟቿ ትራሱን ታስተካክላለች፣ ከንፈሩን ታረጥባለች፣ ጀርባውን ትደግፋለች። አያያትም ነበር። አንዴ ብቻ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ «ሚናውን... ማን ወሰደው?» አለ። አታውቅም ነበርና «አላውቅም» አለችው። አልዋሸችውም፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አረፈ። ልጁ እጁን ይዛ ነበር። ድምፅ አላወጣችም። ሟቿም አላለቀሰችም። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው አዩና በዚህ ጊዜ ማን እንደሞተ አልጠየቁም።

ልጁ ለዘመድ ልትደውል ስትወጣ ሟቿ ሥራዋን ጀመረች። መርፌውን ነቀለች፣ ቦታውን በጥጥ ይዛ ቆየች። ዓይኖቹን ከደነች። ደረቱን አየች፤ አይንቀሳቀስም። ያኔ፣ ማንም ሳይነግራት፣ እጇን ከሥሩ አሾልካ መዳፏን ጀርባው ላይ አደረገች። ጠበቀች። ጀርባው ገና ይሞቅ ነበር። እጇን የሚገፋ ነገር አልነበረም።

አንሶላውን ከእግሩ ጀምራ ሳበች።

«ቶሎ በይ» አለች ኃላፊዋ ከበሩ ላይ ሆና። «ድንገተኛ ክፍል አልጋውን እየጠየቁ ነው።»

«እሺ ሲስተር።»

ግን አልፈጠነችም። ጉልበቱን፣ ሆዱን፣ ደረቱን እያለፈች በዝግታ ሳበችው፤ አገጩ ጋ ስትደርስ ቆመች። አንሶላውን ከፊቱ ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ከክፍሉ ጋርዳ ያዘችለት። አንድ ሙሉ ትንፋሽ የሚበቃውን ያህል። ኃላፊዋ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ተወችው።

ከዚያ ሟቿ አንሶላውን አለበሰችውና አልጋውን ለማጽዳት ውኃ ልታመጣ ሄደች።